አንድ ቅርፊት

ጀልባው ካልካንታራ ጎህ ሳይቀድ ተነሣ፤
ኤድሙንዶ ከጎኔ፣ እንደ ተያዘ ዓሣ
አፉን ይከፍት ይዘጋል፣ ቃል ግን አይወጣውም።
ሸርጣን ለቃሚ ነው፤ ጭቃ አያስፈራውም፤
ግን ሰባት ወር ሙሉ ያቺን ትንሽ ቁስል
በጨርቅ ሸፈናት፣ የሰረቃት ይመስል።

ሳን ሉዊስ አደርን። ከሥጋው ቆረጡ።
ስፌቱን ሊያዩለት ለሦስተኛ ሲመጡ
ሐኪሟ ከርሱ ላይ ዓይኗን አንሥታ፣ ዞራ፣
«አንቺስ ታይተሻል ወይ» አለችኝ፣ «ዙልሚራ?»

እኔ?
እኔ ምን ሆኜ ነው? ቁስሉስ የርሱ አይደል?
«አንድ ሥጋ ናችሁ» ሲለን ቄሱ በቃል
ይህንንም ጭምር ነው?

ያኔ መጣች ኢቮኔት፣ ማንም ሳይጠራት፤
የፊት ሚስቱ ኢቮኔት፣ መልኳን የማላውቃት፣
መጥረቢያዋን ወርሼ ልጇን ያሳደግኩላት፣
በሠላሳ አራቷ የማህፀን በር ካንሰር የወሰዳት።

መንደሩ ግን ያውቃል፤ መንደር ምን ያጣል?
«ከወደብ ሴት ጋር አድሮ እሱ ነው ያመጣው» ይላል፤
ገሚሱ ደግሞ
«እሷ ናት የሰጠችው» — ሙት አይከራከር ቆሞ።

ሐኪሟ እየጻፈች፣ ቀና ሳትል፦
«ካንሰሩ አይጋባም። የሚጋባው ቫይረሱ ነው፤
ሳያም፣ ሳያሳክክ፣ ገላ ውስጥ የሚያድር።
ብዙውን ጊዜ ገላ ራሱ ያባርረዋል፤
አንዳንዱ ጋ ይከርማል፣ ሃያ ዓመትም ይከርማል።
ማን ለማን ሰጠ ብትይኝ፣ ደረሰኝ የለውም።
ያንቺ ስጋት ከሌላዋ ከፍ ይላል፤ ቁርጥ ግን አይደለም።»

ቤት ገብቼ ከባባሱ ክምር ሥር ተቀመጥኩ።
የኢቮኔትን መጥረቢያ፣ ስለቱን ወደ ላይ፣ በእግሬ ያዝኩ፤
ፍሬውን ስለቱ ላይ አድርጌ በዱላ መታሁ።
አንድ ቅርፊት፣ አራት አስኳል።
አንዱን ትል ጨርሶታል፤
አጠገቡ ያለው፣ ቀጭን ግድግዳ የለየው፣
ነጭ ነው።
ሌላ መታሁ፤ ሁለቱ ተበልተዋል።
ሌላ መታሁ፤ ሁሉም ነጭ።
እስኪመሽ ፈለጥኩ፣ እጄ እስኪላጥ።
ሁሉም ከውጭ ያው ቡናማ ነው፤
ሳይከፈት የሚናገር ፍሬ አላገኘሁም።

ሐሙስ በዚያው ጀልባ ሦስት ሆነን ተሳፈርን፦
እኔ ለምርመራ፣
የኢቮኔት ልጅ ሉዚያ፣ ዐሥራ አንድ ዓመቷ፣ ለክትባት፣
መርፌውን እየፈራች ክንዷን ካሁኑ ያቀፈች፤
እና ኤድሙንዶ፣ ያ ቃል የማይወጣው፣
ሳይጠየቅ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ባለጀልባውን
«እኔን ቆርጠውኛል፤ እሷን ላሳይ ነው» አለው።