የተደፈነው ቦይ

ፍሪስላንድ ነው አገሩ፤ ከባሕር በታች ሜዳ፣
የላም ኮቴ እንኳን ሲያርፍ ውሃ የሚቀዳ።
ሲብረን እባላለሁ፤ ክሬን ነው እንጀራዬ፣
ስድስት መቶ ቶን ብረት፣ ቤቴም መከራዬ።

ኢንስከ መጣች በጠዋት፣ ቦት ጫማዋ በጭቃ፣
መሬቱን በዘንግ ወጋች፣ እንደ ሐኪም ተጠንቅቃ።
«ሁለት ሜትር ሸክላ» አለች፣ «ከዚያ ወዲያ ገንፎ፤
ወዲያው አይደለም፤ ይውጥሃል፣ ጥቂት ደቂቃ አሳልፎ።»

ጨርቅ አስነጠፈች፤ በጨርቁ ላይ መረብ፣
በመረቡም ላይ ኮረት፣ በድርብ በድርብ።
ሮለሩ ሲሄድ ሲመለስ፣ ድንጋይ ከድንጋይ ሲናከስ፣
ትለካለች፣ ትጽፋለች፣ ሜዳው ጉም እስኪለብስ።
ሳቅሁባት። ለአንድ ቀን ቆመት ይህ ሁሉ ድግስ?

ከዚያ ገበሬው አውከ፣ ብስክሌቱን አጋድሞ፣
«እዚያ ጥግ ላይ» አለ፣ «ቦይ ነበረ ቀድሞ።
አባቴ ደፈነው፣ በቅጠል፣ በጡብ፣ በሞተ ፈረስ፤
ካርታ አያውቀውም፤ እኔ ነኝ የማስታውስ።»

ያ ጥግ የኔ ጥግ ነው። ክንዴ ሲዞር፣ ሸክሜ ሲያዘነብል፣
ሰንሰለቴ ጠርዙ ላይ ክብደቱን ሁሉ የሚጥል።

አለቃው ሰዓቱን አየ፤ «ጣውላ ደርቡና እንለፍ፤
ክሬኑ በሰዓት ነው ኪራዩ፤ ቆሞም አያውቅም ማረፍ።»
ኢንስከ አልተከራከረች። ሥሩ ነው፣ ነገር ሁሉ ሥሩ፤
የሁለት ሳምንት ድንጋይዋን «ንቀሉት» አለች፣ «ቆፍሩ።»

ጥቁር ውሃ ወጣ፣ የፈረሱም መንጋጋ፤
ደግማ ሞላችው ኮረት፣ እስኪጠና እስኪረጋ።
ሦስት ቀን ሄደ። አለቃው አኮረፈ።

ሐሙስ ንፋሱ ተኛ። የተርባይኑን ራስ አነሳሁ፤
ሰባ ቶን በገመድ ጫፍ፤ የጸሎት ቃል ረሳሁ።
ክንዴ ወደዚያ ጥግ ዞረ፤ ሰንሰለቴ ተጫነ፤
ዐይኔ በሚዛኑ አረፋ ላይ እንደ ምስማር ሆነ።
አረፋው ንቅንቅ አላለም።
ያ ነው ታሪኩ። ሌላ የለም።

ጋዜጣ አልጻፈው፤ ያልሆነ ነገር ማን ይጽፋል?
ብረት ቆሞ ይውላል፤ ሰው ወርዶ ዳቦውን ይበላል።
ኢንስከ ጥጉ ላይ ቆማ፣ ጠጠሩን ረገጥ ረገጥ አድርጋ፣
ደህና ዋል እንኳ ሳትለኝ ሄደች፣ ሌላ ረግረግ ፍለጋ።

እኔ ግን ከዚያ ወዲህ፣ አዲስ አገር በገባሁ ቁጥር፣
ቁልፉን ከማዞሬ በፊት፣ ክንዴም ሰማይ ሳይደፍር፣
ብስክሌት የሚገፋ ሽማግሌ እፈልጋለሁ፤
«አባቴ፣ እዚህ ሜዳ ላይ ምን ቀብራችኋል?» እላለሁ።