ስምንት ካሬ ልጅ

ሰኞ ጠዋት መጣች አለቃዬ ኦዴት፤
"ደረሰ" አለችኝ፣ "የጨረቃ ዕለት፤
ሰው የረገጣት ቀን ዘንድሮም ሲመጣ፣
አንድ ነገር ሥሪ፣ ከስክሪኑ ይውጣ፤
ንግግር አይሁን ግን፣ ንግግር ያስተኛል፤
ዓምና ተናጋሪው ራሱም አንቀላፍቷል።"

በሰድበሪ ሐምሌ፣ ሙቀቱ ሲበዛ፣
ከቤተ መጻሕፍቱ ጓዳ፣ ከማራገቢያው ታዛ፣
ካሬ በካሬ ላይ፣ እንደ ጥልፍ ሥራ፣
ጨረቃን ሰፋኋት፣ ወተት ነጭ፣ የምታበራ።
ጠፈርተኛም ሠራሁ፣ ቦርጩ የገፋ፣
ራሱ ዱባ እሚያህል፣ ጫማው የሰፋ፤
አዝራር ሲጫኑለት እንዲዘል አዘዝኩት፣
ባንዲራ ሊተክል ደረቱን አስነፋሁት።
ግን አንዲት ጭረት፣ የመቀነስ ምልክት፣
ከስበት ቁጥሩ ፊት፣ በጥድፊያ ረሳኋት።

ማኤል መጣች ቀድማ፣ ጥርሷን ያወለቀች፣
ጣቷን ወደ አዝራሩ ፈጥና ሰደደች።
ጉዴ ፈላ!
ሰውየው ሽቅብ በረረ፣ በስክሪኑ ጣራ ወጣ፣
ቆየት ብሎ ከታች፣ ከወለሉ ሥር መጣ፤
ተገለባበጠ፣ ባንዲራው እግሩ ላይ ተንጠለጠለ፤
ሊተክል የሄደው ሰው በአፍንጫው ተተከለ።
"ላርመው!" ብዬ ስሮጥ ልጆቹ ጮኹብኝ፤
"እንዳትነኪው! እንደገና!" ብለው ተሰለፉብኝ።
አንዱ "ውሻ የለም?" አለ። ውሻ አስገባሁለት፣
ጭራው አንቴና ሆኖ ዜና የሚያወራበት።
ኦዴት መነጽሯን ዝቅ አድርጋ፣ "ስህተት ነው?" አለች፤
"አዎ" አልኳት።
"ተዪው" ብላ ወደ ቢሮዋ ገባች።

ከሰልፉ ጭራ ላይ ሬዣን ላካስ ቆሟል፤
ኒኬል ሲቆፍር ኖሮ ጡረታ ወጥቷል።
ተራው ሲደርስ ግን አዝራሩን አልነካም።
"ነጭ አይደለችም" አለኝ፣ ጨረቃዬን እያየ፣
"የኛን ድንጋይ ነው የምትመስል"፤ ትንሽ ዝም ብሎ ቆየ።

"ሰዎቹ እዚህ መጥተው ነበር፣ ከመሄዳቸው በፊት፣
ድንጋይ ማንበብ ሊማሩ፣ እዚያ ጥቁሩ ኮረብታ ላይ፣
የማቅለጫው ጭስ ሣር ባላስበቀለበት።
ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከኋላ ከኋላ ተከተልኳቸው።
መዶሻ ይዘዋል፤ በሬዲዮ ያወራሉ፤
አንዱ አዳልጦት ወደቀ፣ መቀመጫውን እያሸ ሳቀ፤
ቀና ሲል አየኝ። ማስቲካ ሰጠኝ፣
'መውደቄን ለማንም አትንገር' ብሎ።"
እጁን ከኪሱ አወጣ፤ ባዶ ነው።
"ማስቲካውን ያኔውኑ አኘክሁት።
ነገሩን ግን ሃምሳ ዓመት በአፌ ይዤው ዞርኩ።"

በዚያ ሌሊት ጭረቷን ወደ ቦታዋ አልመለስኳትም።
ጨረቃዋን ግን አጠየምኳት፤
ከሰል ነካ አደረግሁባት፣ ዝገት ጣል ጣል፣
ልክ ዝናብ ሲመታው እንደ ኮረብታው ወገብ።
ከጉድጓዱ ጫፍ ላይ አንድ ልጅ አቆምኩ፤
ሁለት ካሬ ለእግሮቹ፣ ሁለት ለሆዱ፣
ሁለት ለእጆቹ፣ አንዷ ለራሱ፤
ስምንተኛዋ ሮዝ ናት፣ የማስቲካ ፊኛ።

ቅዳሜ ኬክ ተቆረሰ። ማንም አልተናገረም፣ ማንም አልተኛም።
ጠፈርተኛው ዘለለ፣ ወጣ፣ ከታች መጣ፣ ወደቀ፤
በወደቀ ቁጥር የልጁ ፊኛ ታብጣለች፣
ጧ! ትላለች፣ እንደገና ታብጣለች።
ማኤል ብቻ አየቻት። "ያ ማነው?" አለች።
"እንጃ" አልኳት። "የሰፈር ልጅ ነው።"

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት መብራት ስናጠፋ
ሬዣን ብቻ ቀርቷል፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣
አፍንጫው መስታወቱን ሊነካ ጥቂት ቀርቶት።
"ይዘጋ?" አልኩት።
"ቆይ፣ አንዴ ብቻ" አለ፣ ጣቱ አዝራሩ ላይ።
"አሁን ይወድቃል።
አሁን ቀና ይልና ያየኛል።"