የሚጎድል አዝመራ

በጁቤይል ዳርቻ፣ ሌሊት በማይበርድበት፣
ባሕሩ ጨው እያዘለ ልብስ በሚያረጥብበት፣
ሦስተኛው ቦይለር ሥር ፈረቃ ስገባ
ነጭ ከረጢት አየሁ፣ የቆመ እንደ አምባ።

ዩሪያ፣ አርባ ስድስት። ያው ቁጥሩ፣ ያው እሱ፤
ብቸና፣ ማኅበሩ በር፣ አባቴን ከነልብሱ
ሦስት ቀን ዝናብ ያስመታው፣ ካርዱ እስኪርስ ድረስ፤
ዱቤው ከጤፉ ቀድሞ ለአጨዳ ሲደርስ።
ዋልካው ላይ ሲበትን በጣቱ እየለካ፣
ከድንበር ላመለጠች ፍሬ አንጀቱ ሲነካ።
ባዶው ጆንያ እንኳ ስሙ «ማዳበሪያ»፣
እህል መያዣ ሆኖ፣ ሲያረጅ የዶሮ ቤት ጣሪያ።

እዚህ እሳት ላይ ነው እኛ የምንዘራው።
በንጹሕ ውኃ ሟሙቶ፣ ግፊት እየነዳው፣
በቀጭን አፈሙዝ ወጥቶ ጉም መስሎ ይረጫል፤
እሳቱን አይነካም፣ ጢሱን ግን ይገራል።

ኩሪያን በቀመር ጻፈው፣ ያ የኬረላው ሰው፤
እኔ ግን በአገሬ ወግ እንዲህ ነው የማነበው፦
ናይትሮጅን ጭምት ነው፣ አየር ውስጥ የሚኖር፤
እሳት ሲጋጋል ግን፣ በዚያ ሁሉ ግርግር፣
ኦክስጅን ይጠልፈዋል፤ ይጋባሉ በግድ፤
ቡናማ ጢስ ይወልዳሉ፣ ሳንባ ላይ የሚነድ።
ዩሪያ ሽማግሌ ነው፣ ገብቶ ያፋታቸዋል፤
አንዱ ወደ ሰማዩ፣ አንዱ ውኃ ሆኖ ይሄዳል።

ሽማግሌም ቢሆን ግን ሰዓት አለው፣ ቦታ፤
ከሺህ አንድ መቶ በላይ ከገባ፣ በዚያች አፍታ
ራሱ ይነድና ጠላፊ ሆኖ ቁጭ ይላል፤
ከዘጠኝ መቶ በታች ነገሩን ሳይጨርስ ያልፋል፣
አሞኒያ ሆኖ ሾልኮ፣ አፍንጫ እየቆረጠ።
መሃሉ ጠባብ ነው። ግማሽ ሰከንድ። አመለጠ።

ትናንት ሌሊት፣ ዘጠኝ ተኩል ላይ፣
አራተኛው አፈሙዝ ታፈነ፤ ነጭ ጠጠር
እንደ ጥርስ አብቅሎ።
ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ፦ መቶ አርባ፣ መቶ ስድሳ፣
መቶ ዘጠና።
ሮዴል ጓንቱን አጥልቆ ቧንቧውን ስቦ አወጣ፤
እኔ በሙቅ ውኃ፣ በሽቦ፣ በቁጣ።
ኩሪያን ምንም አላለም። ነፋሱን፣ ሻማሉን ነው ያየው፣
ጢሱን አጎንብሶ ወደ ሰፈር ሲነዳው፤
ልጁ እዚያ ተኝታለች፣ የምትስበው መድኃኒት
ከትራሷ ሥር አለ፣ እንደ ክታብ፣ ሌሊት ሌሊት።

ቁጥሩ ወረደ። ሰማንያ። ስድሳ ሁለት።
ያጨበጨበ የለም። ሮዴል አዛጋ።
ጢስ ማውጫው አናት ላይ፣ ምንም በማይታይበት፣
ምንም አለመታየቱን ቆሜ አየሁት፣ እስኪነጋ።

ጠዋት አባቴ ጋ ደወልኩ። «ምን ሠርተህ አደርክ?» አለኝ።
«ዩሪያ ስረጭ።» ሳቀ። ቀልድ መስሎት፣ አላመነኝ።
«ምን ዘርተህ ነው የረጨህ?» «ምንም። እሳት ነው ማሳው።»
«ታዲያ ምን ልታጭድ ነው? ምንድን ነው የምትወቃው?»
«አይወቃም አባዬ። የሚጎድል ነው እንጂ።»
ዝም አለ። ከወዲያ ማዶ በር ሲንቋረር ሰማሁ።
«ይሁን» አለኝ ቆይቶ። «ዕዳም እኮ፣ ልጄ፣
ሲጎድል ነው ደግነቱ።»
ደግሞ፣ ስልኩ ሊዘጋ ሲል፦
«ብቻ ከከረጢቱ ሥር የወደቀውን ልቀም።»