አራተኛው ጥቅል

ትኬት ቆራጭ ነበርኩ፣ ፈረንጅ አራዳ፣ ከሽቦዋ መስኮት ጀርባ፤
በሃምሳ ሳንቲም ጣውላው ላይ፣ በአንድ ብር ቆዳው ላይ ሰው ሳስገባ።
ሐምሌ ጅማን ይዟት ነበር፤ ቆርቆሮው ሌት ከቀን ሲያወራ፣
አዌቱ ሞልቶ፣ ዳር ዳሩን ገፍቶ፣ እንደ ሰከረ ሰው ሲያቅራራ፣
መጣ አንድ ፊልም ከአዲስ አበባ፣ በአውቶቡስ ጣሪያ፣ በሸራ፤
ጥቁርና ነጭ፣ የፈረንሳይ፣ የሌባና ፖሊስ ሥራ።

አራት ጥቅል ነው ብለው ጽፈዋል በካርቶኑ ላይ በቀለም፤
ሙዘይን ከፍቶ ቆጠረና፣ "ሦስት ነው" አለኝ፣ "አንዱ የለም።"
ግቤ ድልድዩን ገምሶት ኖሮ፣ ኋላ የቀረው መኪና
ከነአራተኛው ማዶ ቆሟል፤ ማን ይሻገራል በዋና?

ቢሆንም አሳየን።

አስተርጓሚው ጎሳዬ ባቡሩ፤ ድሬዳዋ በምድር ባቡር
ፈረንሳይኛ የለመደ፣ ፍሬን ሲይዝ፣ ፉርጎ ሲቆጥር።
ከሸራው ሥር በርጩማ ላይ ዱላውን ይዞ ይቆማል፤
እነሱ አንድ ቃል ሲናገሩ፣ እሱ አሥራ ሁለት ያወርዳል።
ሰውየው ዝም ሲል እንኳ ይተረጉማል፦ "አሁን በሆዱ
እናቱን እያሰበ ነው"፤ ሕዝቡ ያዝናል እንደ ዘመዱ።

ፊልሙስ? አንድ ሰው፣ ካፖርት ለብሶ፣ ኮሌታ እስከ ጉንጩ አቁሞ፣
በውሃ ብርጭቆ፣ እንደ ሐኪም፣ ካዝና ያደምጣል ጆሮ ገጥሞ።
ሴትዮዋ ውጭ መኪና ውስጥ፣ አንድ እጇ ብቻ ጓንት አጥልቆ፤
የመስተዋቱ መጥረጊያ ሲሄድ ፊቷ ይጠፋል፣ ይመለሳል ደምቆ።

ፓሪስም ለካ ይዘንባል።
የኛም ጣሪያ ያፈስ ነበር፤
የቱ ዝናብ የፊልሙ፣ የቱ የጅማ እንደሆነ
አይለይም።

ሦስተኛው ጥቅል የሚያልቀው እንዲህ ነው፦
ካዝናው ይከፈታል። ሰውየው ሻንጣውን ይዞ
ደረጃ ይወርዳል፣ በሩን ይገፋል —
ነጭ።
ነጭ ሸራ ብቻ፣ ሕዝቡም ያፏጫል።
ጎሳዬ ከነጩ ፊት ቆሞ የየማታውን ፍጻሜ ያድላል፦
ሰኞ ለት አገባት፤ ማክሰኞ መነኮሰ፤
ሐሙስ ለት በመተማ በኩል ሱዳን ገባ።

ነዚፍ፣ የቡናው መጋዘን ፀሐፊ፣ ስድስት ማታ በተከታታይ
"አንድ ቆዳ" ይለኛል፤ ብሩን ያኖራል፣ ፊቴን ሳያይ።
በሰባተኛው ቀና አለ።
ከዓረቡ ሱቅ በዱቤ የወሰደው ካፖርት
ለቁመቱ ረዝሞ ጭቃ ይጠርጋል።
ሲጋራ ከከንፈሩ ጥግ ተንጠልጥሏል፣ ሳይለኮስ፤
አያጨስም ነበርና።
"መጨረሻው መቼ ይመጣል?"
"ድልድዩ ሲሠራ።"
"እስከዚያ አልቆይም" አለና ሳቀ፤
ከብሩ ጋር በሽቦው ሥር
አንድ ጥቁር ጓንት ሰደደልኝ። የግራ እጅ።
ሰዓቱን ነገረኝ፣ ቦታውንም።

ያን ሌሊት የመጋዘኑ ካዝና ተከፈተ፣ ሳይሰበር።
አጠገቡ ብርጭቆ ተገኘ።
ነዚፍንም ሂርማታ አገኙት፣ ከተዘጋ ሱቅ ደጃፍ፣
ሻንጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣
መኪና የማያልፍበትን መንገድ ሲያይ።
ሦስት ቀን ጠየቁኝ።
"መኪና መንዳት አልችልም" አልኩ። እውነት ነው።
"ጓንት የሚባል የለኝም" አልኩ።
ያን ለት ከቤት አልወጣሁም።
ዝናብ ነበር።

ጥቅምት ላይ ጥቅሉ ደረሰ፤ ቆርቆሮው ዝጓል፣ ጠርዙ ጎብጧል።
ሙዘይንና እኔ ብቻ፣ በባዶ አዳራሽ፣ በጠዋት አየነው።
አስተርጓሚ አላስፈለገም።
ሰውየው ይወጣል። መንገዱ ባዶ ነው።
መኪናዋ ቆማ የነበረችበት ቦታ ብቻ
አራት ማዕዘን ደረቅ አስፋልት፤
ያም ቀስ እያለ ይረጥባል።
ሙዘይን ማሽኑን አጠፋ። ምንም አላለኝም።

እሑድ ወህኒ ቤት ሄድኩ፤ ሙዝና ሳሙና ይዤ።
ነዚፍ በአጥሩ ቀዳዳ አየኝ።
ስለ ፍርዱ አልጠየቀኝም፣ ስለዚያ ሌሊትም።
"እንዴት አለቀ?" አለኝ።

የጎሳዬን በርጩማ አሰብኩ።

"ትመጣለች" አልኩት።
"ትንሽ ዘግይታ ነው እንጂ፣ ትመጣለች።"