ዘጠና

በሰማንያ ታሰርን፣ በሽማግሎች ፊት፤
«ሀብቴ በሀብትሽ ነው» ባለኝ በዚያን ዕለት
ዘጠና መኖሩን ከሰማንያ ማዶ
ማን አይቶት ተራምዶ?

ኤድመንተን፣ መጋቢት መግቢያ። ከጎማ ሱቁ በላይ
ደረጃው የሚያቃስት የአቶ ጥዑማይ ቢሮ።
መነጽሩን በክራቫቱ ወልውሎ፣ ቅጹን ገልብጦ፣
«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለኝ ቀና ሳይል።
«መንግሥት ዘጠና ቀን ይቆጥራል።
ከዘጠና በታች ኩርፊያ ነው፤
ኩርፊያን ግብር አያውቀውም።»

«ከኅዳር ሚካኤል ማግስት» አልኩ።
«ኖቬምበር ሃያ ሁለት» ብሎ ጻፈ።
ያን ቀን ምንውየለት ሻንጣውን ጫነ።
ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል ሲሉን የኖሩት
ባሕሩ የጋራ ሂሳባችን ነበር፤
ጣሳው ድንጋይ ሲነካ ሰማሁት።

ጥዑማይ ያካፍላል፦
የጡረታ ቁጠባው በቅጽ ከተሻገረ ግብር አይነካውም፤
ለልጅ የሚቆርጠው ነጻ ነው፤
ላንቺ የሚቆርጠው ግን፣ በጽሑፍ ከተስማማችሁ፣
ለሱ ወጪ፣ ላንቺ ገቢ ነው።
ገቢ!
አሥራ አራት ዓመት የቋጠርኩለት ምሳ
በየትኛው መስመር ወጪ ተብሎ ተነሣ?
ሶልያና ሳምንት እኔ ጋ፣ ሳምንት እሱ ጋ ናትና
የልጅ ድጎማው እኩል ይከፈላል አለኝ።
ጉንፋን ሲይዛት ግን
ሙሉዋን ነው የሚይዛት።

«በመሃል አብራችሁ አድራችኋል?»

ስድሳ አንደኛው ቀን። ማሞቂያው ሞተ።
ከዜሮ በታች ሠላሳ ስምንት፣ ልጅቷ ከነካፖርቷ ተኝታ።
ደወልኩ። መጣ።
እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ምድር ቤት ተንበርክኮ፣
ባትሪውን በጥርሱ ነክሶ ሲፈታ ሲገጥም
መንገዱን በረዶ ዋጠው።
ሶፋው ላይ አነጠፍኩለት።

«ሶፋ ላይ?»
«ሶፋ ላይ።»
«እስኪነጋ?»

በመስኮቱ አየሁ። አንድ ሰው በረዶ ይዝቃል፤
የዛቀውን ነፋሱ ይመልስበታል።
ጥዑማይ ብዕሩን ከድኖ እርሳስ አነሣ።
«ይቺን ሳጥን በእርሳስ ልተዋት፤
ቤትሽ ሄደሽ አስቢባት» አለኝ።

ገባሁ። ኮቴን ሳላወልቅ ምድር ቤት ወረድኩ።
የማሞቂያው ማጣሪያ አቧራ መቅመስ ጀምሯል፤
ጠርዙ ላይ በጥቁር ማርከር፣ በዚያ ጠማማ ፊደሉ፦
ጥር አሥራ አራት።
ከሥሩ፦
በዘጠና ቀን ቀይሪው።