የጋውርዬ ሎማድ

እጄ ጥርስ ነው የሚያውቀው፤ ቀን ሙሉ ከሰው አፍ ዳር
መስተዋት አቀብላለሁ፣ መብራት አዞራለሁ ከሐኪሙ ጋር፤
"ትንሽ ነው የቀረን፣ አይዞህ" እላለሁ ለሚያማርር።

አጎቴ ጋውርዬ አንድ እሑድ አየኝ፣
ጧፍ ይዤ ስወጣ ነፋሱ ሲነካኝ፤
ነበልባሉ ወድቆ ሲነሣ፣ ሲናጥ፣
ጣቴ እንደ ችካል ነው፣ አያውቅም መናወጥ።
"ማታ ነይ" አለና ፊቱን አዞረ።
የእርሱ እጅ ከራደ ሰባት ዓመት ነበረ።

ሶደርቴሊዬ፣ ታኅሣሥ። ፀሐይቱ ልክ በዘጠኝ
ሱቋን ዘግታ ሄዳለች፤ በረዶው ብቻ መራኝ።
አምስተኛ ፎቅ ወጣሁ። ሻዩን በሁለት እጁ ይዟል፤
ግማሹ ለእርሱ፣ ግማሹ ለማስቀመጫው ይደርሳል።

ሰፈሩ "ማልፎኖ" ይለዋል፣ መምህር ማለት ነው።
ሠላሳ ዓመት በፈረቃ የከባድ መኪና ብሎን ሲያጠብቅ
ሌሊቱ የፋብሪካው ነበር፤ ንጋቱን ለመዝሙር ሲሰርቅ፣
ከቱር አብዲን ያመጣውን፣ የአያቶቹን ዜማ ሁሉ
ሊያሰፍር የማለ ሰው።
ዛሬ አንዱን ፊደል ሲያቆም ሦስቱ ይወድቃሉ።

ብርዑ ሸምበቆ ነው፣ ከሜላረን ሐይቅ ዳር የቆረጠው፤
ቀለሙ ጥቀርሻ ነው፣ ጎረቤቱ ቢርጊት በጣሳ የሰጠችው፣
ከገጠር ቤቷ ጭስ መውጫ ጠርጋ።
"ምን ልትሠራበት?" ብላው ነበር አምና በጋ።
"መዝሙር" አላት። ሳቀች።
ግን በየወሩ ጣሳውን ትሞላለች።

ወረቀቱን አዙሮ በጎኑ አጋደመው።
"መስመሩ እንደ ዝናብ ይውረድ፤ እየጻፍሽ አታንብቢው።
ንባቡ የዘማሪ ነው፤ አንቺ ቦይ ቆፋሪ ነሽ።"
ኦላፍ፣ ቤት፣ ጎማል። ዶላትና ሪሽ
አንድ መልክ ናቸው። "ነጥቧን ከላይ ከታች ከሳትሽ
ዘማሪው ያላሰበውን ቃል ወደ ሰማይ ይልካል፤
እዚያ ድረስ ሄዶ ማን ያርመዋል?"

ስሳሳት ከክሊኒክ ባመጣሁት የጥርስ መፋቂያ ብረት
በቀስታ እፍቀዋለሁ። ይሥቃል፦
"ወረቀትም ይነቅዛል እንዴ?"

እንዲህ ስንል ብርዱ ላላ። አርባኛው ገጽ ላይ ስንደርስ
መነጽሩን ለውጦ ወደ መብራቱ አስጠጋው፣ ቅንድቡ እስኪኮማተር ድረስ።
"ይህች ምንድን ናት?"
"ሎማድ።"
"ሎማድስ ሎማድ ናት። ወገቧ ላይ ያለው ማዕበል?"
"አንተ ስትጽፋት እንዲህ ናት፤ እንዳየሁህ ነው የምከተል።"

ሻዩ እስኪበርድ ዝም አለ።
"እርሱ ፊደል አይደለም" አለኝ፣ "በሽታዬ ነው።"

ከእጁ ብቻ ነበር የቀዳሁት፤ ሌላ ምንጭ አላየሁ፤
ከውኃው ጋር ጠጠሩንም አብሬ ቀድቻለሁ።

እጁን ከጠረጴዛው ሥር ሸሸገ፣ እንደ ጥፋት።
ዓይኑን ጨፈነ። አንዲት ድምፅ አነሣ፣ ረጅም፣ ወፍራም፣
እጁን ያገኘው ነገር እርሷን ያላገኛት፣
በሰማንያ ዓመቱም ያልተሰነጠቀች።
በግራ ክርኑ ገፋ አደረገኝ፦ በዚህች ላይ ውረጂ፣
እስትንፋሴ ሳያልቅ።
ብርዑን ድምፁ ላይ አስቀመጥሁ።
ሎማድ ዘንበል እንዳለች፣ ሳትርድ፣ ወረደች።

ያለፉትን አርባ ገጾች ልቅደዳቸው ብለው
"ወረቀት በነጻ ነው እንዴ?" ብሎ ተቆጣ።

የትንሣኤ ሌሊት መጽሐፉ አትሮንሱ ላይ ተዘረጋ፤
ልጆቹ ከበውት ቆሙ፣ የጫማቸው በረዶ ምንጣፉ ላይ እየቀለጠ።
ኤልዮ፣ ዘጠኝ ዓመቱ፣ በእግር ጣቶቹ ተንጠራርቶ
ዐሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ ጣቱን አሳረፈ፦
"ማልፎኖ፣ ይህች ምልክት ርክርክ ናት?
እዚህ ጋ ድምፅ ይንቀጠቀጣል?"

ወደ አጎቴ ዞርሁ። እጆቹ ኪሱ ውስጥ ናቸው፤
ኮቱ ብቻ ትንሽ ትንሽ ይነቃነቃል።
"አዎ" አለው ልጁን።
"ግን ብዙ አታብዛው።"