የገደል ባላገር

በግንቦት ማለዳ፣ ከደሴ ቁልቁለት፣
ሐረጎ ጥምዙ ላይ፣ ጉሙ ሳይነሳለት፣
ድንጋይ ፈላጩ ሰው፣ ሽፋው ደውሎ አለኝ፤
«ያ ያልኩህ ብቅ ብሏል፣ ሳይገባ ድረስልኝ።»

በጥቁሩ ቋጥኝ፣ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ፣
ሆዱን በአየር ነፍቶ፣ ጅራቱን ደጅ ትቶ፣
ባለዕዳ ይመስላል፣ በሩን የዘጋጋ፣
ኮቴው እስኪርቅለት፣ ሆዱ እስኪረጋጋ።

«አርጃኖ ነው» አልኩት። «ነው፣ ግን እሱ አይደለም፤
ያ የቦርከናውማ ድንጋይ ወጥቶ አያውቅም፤
ይሄ ውሃ አይነካም፣ ዶሮም አይሰርቅብን፤
ብቅ ሲል ፊት ለፊት፣ ‹ቢስሚላህ› ብለን
እናልፈዋለን።
‹የገደል ባላገር› ይለዋል አባቴ፤
እስቲ አንተ ንገረኝ፣ ባለ ወረቀቴ።»

በከረጢት ቋጥሬ ወደ ደሴ ስወጣ፣
ኬላው አስቆመኝ፤ አንዱ ፈታሽ መጣ።
መታወቂያዬን ይዞ ወደ ፀሐይ ቀረበ፣
‹ዳውድ ገብረሥላሴ› ሁለቴ አነበበ።
«ዘርህ ምንድን ነው?» አለኝ። እንግዲህ ወሎዬ ሰው
ይቺን ጥያቄ በምን ይመልሰው?
ዝም አልኩ። ከረጢቱ ተላወሰ በድንገት።
«ይሄስ ምንድን ነው?» አለ። «ገና አልታወቀም» አልኩት።
ራቅ ብሎ ቆሞ
«እለፍ» አለኝ።

ማታ መብራት ሄዶ፣ በስልኬ ባትሪ፣
ቅርፊት ቆጥሬ አደርኩ እንደ ባንክ ቆጣሪ፤
ሆዱ ላይ ሰባ ሦስት፣ ሰባ አራት... ረስቼ፣
እንደገና ከአንድ፣ እንቅልፌን ገፍቼ።
ጅራቱ ድቡልቡል፣ እሾሃም፣ ሻካራ፣
እንደ ወንዙ ዘመድ ለዋና ያልተሠራ፤
ምላሱ ቀይ ዳማ፣ ጫፉ ላይ ጠቋራ።
መጽሐፍ ገለበጥኩ፤ ይህም አይደል፣ ያም አይደል፤
ከሩቅ ጓደኞቼ መልስ መጣ፤ ያም አይደል፤
ከ‹አይደለም› ክምር ላይ፣ ሊነጋጋ ሲል፣
አንዲት ‹ነው› በቀለች፣ ቀጭን እንደ ቅጠል።

ሰው በአርባ ቀኑ፣ ወይ በሰባት ቀኑ
ስም ይወጣለታል፤
ያርዱለታል፣ ይመርቁታል።
የዚህ ግን ደንቡ
መጀመሪያ መሞት ነው።

መርፌውን የወጋሁት እኔ ነኝ።
ልቡ ግን ቶሎ አልሰማም፤ ጣቴ ሥር ብዙ ቆየ፣
ቀስ... ቀስ...
ከውስጥ ሆኖ በር እንደሚያንኳኳ ሰው።
አልኮሉ የሠርግ ማግስት ሸተተኝ።
በእርሳስ ጻፍኩ፦ ሐረጎ፣ ግንቦት ስድስት፣ ወንድ።

ሽፋው ደወለ። «ምን አላችሁት?»
«ባንተ ስም ልንጠራው ነው» አልኩት፣ ደስ እንዲለው።
ዝም አለ። ከኋላው መዶሻ ይሰማል።
«የኔን ስም ለሬሳ? ተው፣ ወንድሜ፣ ተው።»
ደግሞ ቆይቶ፣
«ትናንት ሌላ አየሁ። አነስ ትላለች፤ ሴት ሳትሆን አትቀርም።»

«የት ጋ?»

መዶሻው ቆመ።
«በል ደህና ዋል» አለኝ።